ባለ 50 ሊትር ቦይለርና ማማ ላይ ያለ ሮቶ፦ የትኛው ሻወር ይስማማቸዋል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ «ቤታችን ባለ አንድ ወለል ቪላ ነው። ግቢ ውስጥ 3 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ 1,000 ሊትር ሮቶ አለን። 50 ሊትር ቦይለራችን ውሃ የሚያገኘው ከሮቶው ነው፤ የሻወሩ ቀዝቃዛ ውሃ ግን በቀጥታ ከመስመር ይመጣል። መታጠቢያ ቤቱን ስናድስ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሬይን ሻወር ገዛን። መስመር ሲመጣ ውሃው አልሞቅ ይላል፤ መስመር ሲሄድ ደግሞ የሚያቃጥል ውሃ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። የገጠመልን ሰው ‹ቦይለሩ አቅም የለውም፣ አውጥታችሁ ኢንስታንት አስገጥሙ› አለን፤ ውሃውን ሳያጠራቅም ሲያልፍ የሚያሞቀውን ማለቱ ነው። ሌላው ቦይለሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት ይገፋል ይላል። ከእናቴና ከልጆቹ ጋር አምስት ነን። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦ ቦይለርዎ ምንም አልሆነም፤ አያውጡት። ቦይለር ውሃ ያሞቃል እንጂ ውሃ አይገፋም። የሚገፋው ከላይ ያለው ሮቶ ነው። ሮቶው በከፍታው ልክ ገፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ሲያስገባ፣ የዚያኑ ያህል ሙቅ ውሃ በቦይለሩ አናት በኩል ይወጣል። ስለዚህ ቦይለሩን ወደ ላይ መስቀል ግፊት አይጨምርም። እንዲያውም አናቱ ከሮቶው ወለል ጋር እኩል ከሆነ፣ ሮቶው ሲጎድል የቦይለሩ የላይኛው ክፍል አየር ይይዝና ሙቁ ውሃ መውጫ ያጣል። ባለበት ይቆይ።

መስመር ሲመጣ ውሃው የማይሞቅበት ምክንያት እዚያው ጥያቄዎ ውስጥ አለ። ቀዝቃዛውና ሙቁ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይመጣሉ። የከተማው መስመር ደህና በሚመጣበት ሰዓት 2 ወይም 3 ባር ግፊት ሊኖረው ይችላል። የእርስዎ ሮቶ ግን፣ ከታች እንደምናሰላው፣ 0.2 ባር እንኳ በጭንቅ ነው የሚሰጠው። ሁለቱ ሚክሰሩ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚደባልቀው የሻወሩ መክፈቻ) ውስጥ ሲገናኙ ቀዝቃዛው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይበረታል፤ ሙቁን መውጫ ከመንሳት አልፎ በሙቁ ቧንቧ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቦይለሩ መግቢያ ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ ካረጀ ውሃው በቦይለሩ በኩል እስከ ሮቶው ድረስ ሊወጣ ይችላል። ማንም ሳይሞላው ሮቶው ሲፈስ አይታችሁ ከሆነ ከዚህ ነው። መስመሩ ሲሄድ ደግሞ ቀዝቃዛው ይቋረጥና የቦይለሩ 60 ዲግሪ ውሃ ሳይደባለቅ ይወርዳል። ለልጆቹና ለእናትዎ አደገኛው ይኸኛው ነው፤ 60 ዲግሪ ውሃ የልጅ ቆዳ ለመላጥ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። የትኛውንም ሻወር ቢገዙ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ሚክሰር ቢያስገጥሙ፣ ይህ ካልተስተካከለ ገንዘብዎ ባከነ ማለት ነው። መፍትሔው አንድ ነው፦ የሻወሩ ቀዝቃዛ ውሃ ከመስመሩ ተቆርጦ ለቦይለሩ ከሚሄደው የሮቶ ቧንቧ ላይ ይቀጠል። መስመሩ ሮቶውን ብቻ ይሙላ።

አሁን ወደ ግፊቱ እንምጣ። አሥር ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። ማማው 3 ሜትር ነው፤ የሻወሩ ራስ ከወለሉ 2.1 ሜትር ላይ ቢሆን ሮቶው ሊያልቅ ሲል የሚቀረው ልዩነት 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሮቶው ሞልቶ ሲያድር ተጨማሪ 1.2 ሜትር ያህል ውሃ አለ፤ ልዩነቱ 2.1 ሜትር ይደርሳል። በባር ሲቆጠር ከ0.09 እስከ 0.21 መሆኑ ነው። ሮቶው ሙሉ ሲሆን ሊያልቅ ከሚልበት ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል የሚፈስሰውም ለዚህ ነው። እርስዎ የገዙት ሬይን ሻወር ግን በአብዛኛው 1 ባር አካባቢ ይፈልጋል፤ በደቂቃም ከ10 እስከ 15 ሊትር ይጠጣል። ፊቱ በሰፋ ቁጥር ያቺ ትንሽ ግፊት ለብዙ ቀዳዳ ትከፋፈላለች፤ የመሐሉ ጠብ ጠብ ይላል፣ የዳር ዳሩ ጭራሽ አይነካውም። ሰፊ ሻወር ብዙ ውሃ ያመጣል የሚለው ሐሳብ የሚሠራው ከኋላ የሚገፋ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ዕቃው ብልሽት የለበትም፤ ከቤቱ ጋር ነው ያልተስማማው።

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ግን ይለኩ። የሻወሩን ራስ ይፍቱና ባዶውን ቧንቧ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ይክፈቱ፤ መስመሩ ተዘግቶ ከሮቶው ብቻ የሚመጣውን ማለት ነው። ጠርሙሱ በ12 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር አለዎት። በ20 ሰከንድ ከሞላ 6 ሊትር ነው፤ ይህም ለደህና ሻወር ይበቃል። 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደ 4 ሊትርና ከዚያ በታች ነውና ችግሩ ከሻወሩ ራስ አልፎ ቧንቧው ውስጥ ነው። ከዚያ ራሱን መልሰው ይግጠሙና እንደገና ይለኩ። ባዶው 10 ሊትር ሰጥቶ በሻወሩ በኩል 3 ከወጣ ጥፋተኛው ሻወሩ ነው። ሙቁንና ቀዝቃዛውን ለየብቻ ይለኩ። ሙቁ በጣም ካነሰ ቦይለሩ መግቢያ ላይ ያለውን ሴፍቲ ቫልቭና ተጣጣፊ ቱቦዎቹን ይመርምሩ፤ ከሮቶው የወረደ ደለል መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ቧንቧው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሻወር ሲቀያይር ይኖራል እንጂ እዚህ አይደርስም። በአንድ ሻወር ራስ ላይ 3 ባር ሲኖር ቀጭን ቧንቧ አይታወቅም። 0.2 ባር ሲሆን ግን እያንዳንዱ ክርን ከላዩ ይቆርሳል። ባለ 20 ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ (ቁጥሩ የውጭ ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር) የውስጥ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ባለ 25ቱ 16.6 ይደርሳል። ልዩነቱ በዓይን ትንሽ ቢመስልም ባለ 25ቱ ለተመሳሳይ ፍሰት የሚያባክነው ግፊት የባለ 20ውን ሲሶ ያህል ነው። ከሮቶው የሚወርደው ዋናው ቧንቧ ባለ 32 ይሁን፤ እስከ ቦይለሩና እስከ ሚክሰሩ ባለ 25 ይሂድ፤ ግድግዳው ውስጥ የምትቀረው የመጨረሻ አንድ ክንድ ብቻ ባለ 20 ብትሆን አይጎዳም። ሮቶው ሥር የሚገጠመው ቫልቭ ሲከፈት ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ የሚገለጥ፣ እጀታው ሩብ ዙር የሚዞር ይሁን። እየተጠማዘዘ የሚከፈተው ዓይነት ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ውሃውን ያጣምመዋል።

ማማውን ከፍ ማድረግስ? ይረዳል፤ የሚጠበቀውን ያህል ግን አይደለም። ሁለት ሜትር ቢጨምሩ ፍሰቱ በግማሽ ያህል ያድጋል እንጂ በእጥፍ አይሆንም። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ የቆመውን ማማ በብየዳ ማስረዘም ደግሞ እግሩንና መሠረቱን የሚያይ ባለሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቧንቧውን ማስፋት በርካሽ ዋጋ ከዚህ የማይተናነስ ለውጥ ያመጣል።

ለእርስዎ ቤት የሚሆነው ሻወር ይህ ነው፦ በተጣጣፊ ቱቦ የሚያዝ የእጅ ሻወር፣ ፊቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ። ካርቶኑን ያገላብጡ፤ ዝቅተኛ የሥራ ግፊቱ 0.1 ባር ወይም 0.2 ባር የሚል ቢገኝ ጥሩ ነው፤ 0.5 ወይም 1 ባር የሚለውን ይመልሱት። «ሃይ ፕሬዠር» ተብሎ የሚሸጠው፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ቀዳዳዎች ያሉት ራስ ለእርስዎ አይሆንም። እሱ ግፊት አይፈጥርም፤ ያለውን ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ያሯሩጠዋል፤ ግፊት በሌለበት ቤት የሚያተርፍልዎ የፍሰት መቀነስ ብቻ ነው። አዲሱን ራስ ሲገጥሙ የቱቦው መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ክብ ይፈልጉ። ፍሰት መገደቢያ ናት፤ በጥፍር ወይም በወስፌ ብቅ ትላለች። ያውጧት። የጎማ ማሸጊያውን ግን እንዳይጥሉት። ቱቦው አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል፤ ውስጡ ሰፊ የሆነውን ይምረጡ፤ ከውጭ ወፍራም መስሎ ውስጡ እርሳስ የማያስገባ ብዙ አለ።

የእጅ ሻወር ሌላም ጥቅም አለው። ራሱን ከ2.1 ሜትር ወደ 1.2 ሜትር ዝቅ ሲያደርጉ ያለ ምንም ወጪ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አተረፉ ማለት ነው፤ ሮቶው ሊያልቅ ሲል የነበረው ግፊት እጥፍ ይሆናል። እናትዎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲታጠቡ ከማንኛችሁም የተሻለ ውሃ የሚደርሳቸው እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መስቀያው ከፍና ዝቅ የሚል ዘንግ ቢሆን ይመረጣል። ሚክሰሩ ላይ ቴርሞስታት (ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክል ክፍል) ያለውን ውድ ዓይነት አይግዙ፤ ብዙዎቹ በ0.2 ባር በቅጡ አይሠሩም። ሁለት እጀታ ያለው ተራ ሚክሰር፣ ወይም ሰፋ ያለ ካርትሪጅ (ከእጀታው ሥር ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ያለው ባለ አንድ እጀታ ይበቃል።

ቀጥሎ የቦይለሩ ሊትር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፤ የጠዋት የሮቶ ውሃ 15 ዲግሪ ነው ብለን እንነሳ። ገላ ለመታጠብ 38 ዲግሪ ይፈለጋል። ቦይለሩ 60 ዲግሪ ላይ ሲቆም ከድብልቁ ግማሹ ሙቅ፣ ግማሹ ቀዝቃዛ ይሆናል። 50 ሊትሩ ደግሞ ሁሉም አይወጣም፤ ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ስለሚቀላቀለው 40 ሊትር ያህሉ ነው በሙሉ ሙቀቱ የሚገኘው። ድምሩ ወደ 78 ሊትር ለገላ የሚሆን ውሃ ነው። በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወርድ የእጅ ሻወር 13 ደቂቃ ያገለግላል፤ እያንዳንዱ ሰው 5 ደቂቃ ቢታጠብ ለሁለት ሰው ሞልቶ ለሦስተኛው በጥድፊያ ይደርሳል። ያ ሬይን ሻወር ግፊት አግኝቶ በደቂቃ 15 ሊትር ቢያፈስ ኖሮ ይኸው ውሃ በ5 ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ አንድ ሰው ታጥቦ አራቱ ይጠብቃሉ። ቦይለሩ እንደገና ለመሙቅ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ማሞቂያው 1.5 ኪሎ ዋት ከሆነ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ማለት ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ መታጠብ የሚጀምሩ ከሆነ 11 ሰዓት ላይ ያብሩት። አምስታችሁም በተከታታይ መታጠብ ካለባችሁ፣ ይህ ቦይለር ዕድሜውን ሲጨርስ በ100 ሊትር ይተኩት፤ 80ው ለጥቂት ያንሳል። ቴርሞስታቱን ወደ 70 ከፍ ማድረግ አንድ ሰው ይጨምራል፤ ልጅ ባለበት ቤት ግን አልመክረውም። ወደ 45 ዝቅ ማድረግም አይገባም፤ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ ለሚባለው ባክቴሪያ ምቹ ነው። 60 ላይ ይተዉት።

ስለ ኢንስታንት የተነገራችሁ ግማሹ ስህተት ነው። የሚጠቀሙበት ቤቶች አሉ፤ የእርስዎ ግን ከእነሱ አይደለም። 5.4 ኪሎ ዋት የሆነው የተለመደው ዓይነት 15 ዲግሪ ውሃን 38 ለማድረስ በደቂቃ 3.4 ሊትር ብቻ ነው የሚችለው። በዚያው የሃይላንድ መለኪያ 35 ሰከንድ መሆኑ ነው። ማታ ሁሉም ቤት ሲያበራ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ኃይሉ ወደ 3.6 ኪሎ ዋት ያሽቆለቁላል፤ ውሃውም 2.2 ሊትር ገደማ ይሆናል። መብራት ከጠፋ ጨርሶ የለም፤ ቦይለር ግን መብራት ከሄደ ከሰዓታት በኋላም ሙቅ ውሃ ይሰጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሮቶው ውሃ 22 ዲግሪ ቢሆን ያው ዕቃ 4.8 ሊትር ይሰጣል፤ እዚያ ላለ ብቻውን ለሚኖር ሰው ክፉ ምርጫ አይደለም። ከዘመድዎ ቤት አይተው ተመኝተውት ከሆነ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ «ኢንስታንት ኮሪየንቲ ይበላል» የሚባለውም ተምታቷል። አንድ ሰው የሚታጠብበትን 30 ሊትር ለማሞቅ በሁለቱም 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚሄደው። ኢንስታንት የሚከብደው በአንዴ በሚስበው 24.5 አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣዱ በዚያው ሰዓት ተጥዶ ከሆነ ሌላ 16 ወይም 18 አምፔር ይጨመራል፤ ዋናው ብሬከር ካልወደቀ ሽቦው ይግላል። ማንም ቢያስገጥመው ከሶኬት ወይም ከአምፖል መስመር አይቀጠልም። ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 32 አምፔር ብሬከር፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ እና የሚሠራ የመሬት ሽቦ ሊኖረው ግድ ነው። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ይህን ዕቃ መግጠም ገላን ለኮሪየንቲ መስጠት ነው።

ሬይን ሻወሩን ካልተውኩት የሚሉ ከሆነ መንገዱ ፓምፕ ነው። ከ100 እስከ 120 ዋት የሆኑ ትናንሽ የመስመር ላይ ፓምፖች 0.8 ባር ያህል ይጨምራሉ። ፓምፑ የሚገጠምበት ቦታ ወሳኝ ነው፦ ከሮቶው በሚወርደው ዋና ቧንቧ ላይ፣ ወደ ቦይለሩና ወደ ቀዝቃዛው ከመከፈሉ በፊት። ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል ይገፋሉ። ሙቁ ላይ ብቻ ከገጠሙት መጀመሪያ የነበረውን ችግር ገልብጠው መለሱት ማለት ነው፤ ፓምፑም በሙቀቱ ቶሎ ያረጃል። ፓምፑ የሚነሳው ውሃ ሲፈስ ስለሆነ፣ ባዶ ቧንቧዎ በደቂቃ 2 ሊትር እንኳ የማይሰጥ ከሆነ አይነሳም፤ እንደገና ወደ ቧንቧው ስፋት ተመለስን። ጎኑ ላይ የማይመልስ ቫልቭ ያለው ማለፊያ ቧንቧ ያስቀጥሉ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በራሱ ግፊት ይወርዳል። ከከተማው መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ግን በፍጹም አይግጠሙ። የጎረቤትዎን ውሃ ይስባል፤ የመሬት ውስጥ ቧንቧው ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ የቦዩን ቆሻሻ ጭምር።

ሶላር ለሚያስቡ አንድ ቃል፦ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ግፊት የሌለው የመስታወት ቱቦ ዓይነት እንደ ሮቶው በከፍታው ልክ ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ስለዚህ ከላይ ያልነው የእጅ ሻወር ለእሱም ይሠራል። በበጋ ፀሐይ 80 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ያልተደባለቀ ውሃ አይከፈትም። በክረምት ደመና ደግሞ የኤሌክትሪክ መደገፊያ ከሌለው ያሳፍራል።

ቦይለሩ መግቢያ ላይ ያለውን ሴፍቲ ቫልቭ በተመለከተ፦ በውስጡ ያለው ስፕሪንግ ከእርስዎ ትንሽ ግፊት ጥቂት መውሰዱ እውነት ነው፤ «ፍሰት ይጨምራል» ብሎ የሚያወልቀው ቧንቧ ሠሪም አይጠፋም። አይፍቀዱ። ይህ ቫልቭ ሁለት ሥራ አለው። ሮቶው ሲደርቅ የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ ተስቦ ማሞቂያው በደረቁ እንዳይቃጠል ይይዘዋል። ቴርሞስታቱ ቢበላሽና ውሃው ቢፈላ ደግሞ ቦይለሩ ከመፈንዳቱ በፊት ያስተነፍሰዋል። 50 ሊትር ከ15 ወደ 60 ሲሞቅ ወደ 0.8 ሊትር ይሰፋል፤ ቫልቩ አልፎ አልፎ ጥቂት ጠብታ ቢያወርድ ሥራውን እየሠራ ነውና በቡሽ አይድፈኑት። ቀጭን ቱቦ አድርገው ወደ ፍሳሹ ይምሩት።

ሥራውን በዚህ ተራ ያስይዙ። መጀመሪያ ሮቶውን አስወርደው ደለሉን ያሳጥቡ። ቀዝቃዛውን ከመስመሩ አስቆርጠው ከሮቶው ያስቀጥሉ፤ ግድግዳው ለዚሁ ከተከፈተ አይቀር ቧንቧውን በ32 እና በ25 ያስቀይሩ። በሃይላንዱ ይለኩ። ከዚያ በኋላ ብቻ የእጅ ሻወሩን ይግዙ፤ ሻጩ እንዲቀይርልዎ ካርቶኑን ሳይቀዱ ይያዙት። ፓምፕ የሚያስፈልግዎ ይህ ሁሉ ተሠርቶ የተገጠመው ሻወር በደቂቃ ከ5 ሊትር በታች ሲሰጥ ነው፤ በእርስዎ ከፍታ ቧንቧው ከሰፋ ያስፈልጋል ብዬ አልጠብቅም። ሬይን ሻወሩን ማስታወቂያ አውጥተው ይሽጡት፤ ፎቅ ላይ ያለ ሮቶና ፓምፕ ያለው ሰው በደስታ ይገዛዎታል።